የአንዱ ቤት ሕመም የግቢው ሕመም ነው

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በአዲስ አበባ የቀበሌ ግቢዎች ውስጥ ዛሬም በተግባር የሚታይ ነው። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ ሰው ብቻውን አይደሰትም፤ ብቻውንም አያዝንም። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፤ ልጅ በሌሊት ሲታመም ነጠላዋን ደርባ ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ የምትሮጠው ጎረቤቲቱ ናት። ይህን የመሰለውን ባህል እኛ አናቃልልም። ይሁን እንጂ ደግነት በሚገባበት በር ሕመምም ይገባል። ግድግዳ የሚጋራ ሰው አየር ይጋራል፤ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት የሚጋራ ሰውም ንጽሕናውን እንደሚካፈል ሁሉ እድፉንም ይካፈላል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ ከዚህ የሚነሣ ነው። ይኸውም ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖቻችን በተጨናነቀ ሰፈር ሲኖሩ፣ በእነርሱና በቤተሰቦቻቸው ላይ በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች በኩል የሚያንዣብበው አደጋ ከየት ይመጣል? በምንስ ይመለሳል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ኤች.አይ.ቪ. ዛሬ የተረሳ ነገር ይመስላል። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን በ1990ዎቹ ዓመታት ዕድሮች ድንኳን ተክለው ሳይነቅሉ ለሌላ ቀብር ይጠሩ ነበር። በጥር ወር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መታደል ከጀመረ ወዲህ ግን አልጋ ላይ የነበረው ተነሣ፤ ሊቀበር የነበረው ልጁን ዳረ። ይህ ታላቅ ድል ነው። ድሉ ግን መዘናጋትንም ይዞ መጣ። በ2010 ዓ.ም. በሀገራችን ከተሞች የተደረገው ሰፊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑት ሰዎች ውስጥ ከ100ው 3ቱ ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ እንዳለ አረጋግጧል። በሴቶች በኩል ከ100ው 4 ያህል፣ በወንዶች በኩል ደግሞ 2 ያህል ነበር። እንግዲህ ይህ ቍጥር ምን ማለት እንደ ሆነ በሰፈር ዓይን እንየው። ሠላሳና አርባ ጎልማሶች በሚኖሩበት አንድ ግቢ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል ወይም መውሰድ ሲገባው ሳያውቅ ተቀምጧል ብሎ መገመት ከእውነት የራቀ አይደለም።

እንዲህ ያለው ግቢ ምን ይመስላል? በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወደ መንግሥት እጅ ከገቡት ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው። አንዲቱ ክፍል መኝታም፣ ሳሎንም፣ ማድ ቤትም ትሆናለች። ልጆች ሲበዙ ከጣሪያው ሥር ቆጥ ይሠራል። ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳ ብዙ ጊዜ እስከ ቆርቆሮው አይደርስም፤ ከላይ ያለው የማዳበሪያ ኮርኒስ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። መስኮቷም ትንሽ ናት፤ እርስዋም ሌባን፣ አቧራንና ብርድን በመፍራት ትዘጋለች። በግቢው ጫፍ ያለው መጸዳጃ ቤት የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ የማጽዳት ተራው በሚገባ ካልተደለደለ የማንም እንዳልሆነ ያለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሰው በአጠገቡ እንደሚኖር ሲሰማ የሚፈራው ለራሱ ነው። ብርጭቆውን ይለያል፤ ልጁን ከዚያ ቤት እንዳይበላ ይከለክላል። ይህ ፍርሀት አቅጣጫውን የሳተ ነው። ኤች.አይ.ቪ. በብርጭቆ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ በሳል ወይም በአንድ ማዕድ በመብላት አይተላለፍም። ከዚህም በላይ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ ወደ ሌላ አያስተላልፍም። እንግዲያውስ ማን ማንን ይፍራ? በእውነቱ ሊፈራ የሚገባው ያ ሰው ነው፤ የሚፈራውም የጎረቤቱን ሳል፣ ያልታከመውን ውሃና የሞላውን ጉድጓድ ነው። የሰውነቱ መከላከያ ደክሞ ከሆነ ሌላውን ለሦስት ቀን አስተኝቶ የሚተወው ተቅማጥ እርሱን ለሳምንታት ያጎሳቍለዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ጠላቶች ዋነኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ጀርሙን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ካገኘው ወዲህ ስለ ተፈጥሮው ብዙ ታውቋል። የታመመው ሰው ሲያስል፣ ሲናገር፣ ሲዘፍንም እንኳ ጀርሙ በደቃቃ ጠብታ ሆኖ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ፀሐይና ነፋስ በማይገባበት ክፍል ውስጥም ለሰዓታት ይንሳፈፋል። በአንጻሩ ጀርሙ ፀሐይ አይወድም፤ አየር በሚዘዋወርበት ቦታም ይበተናል። ጀርሙ የገባበት ጤነኛ ሰው ሁሉ አይታመምም። ከ100 ሰዎች ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው፤ በሌሎቹ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ኤች.አይ.ቪ. ያለበትና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ከሆነ ግን ይኸው አደጋ የዕድሜ ልክ መሆኑ ቀርቶ ወደ አንድ ዓመት ይሰበሰባል፤ በየዓመቱ ከ100 ሰዎች እስከ 10 የሚሆኑት ሊታመሙ ይችላሉ። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ይህን አደጋ በጣም ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። በዓለም ላይ ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸውን ሰዎች በመግደል ረገድ የሳንባ ነቀርሳ እስከ ዛሬ ድረስ ቀዳሚውን ስፍራ ይዞ የሚገኘውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ተንኰል አለ። ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሰው የሳንባ ነቀርሳ ሲይዘው በድሮው የአክታ ምርመራ ጀርሙ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሳሉም ቀላል ሊሆን ይችላል። ለሌላው ሰው «ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይመርመር» የሚባለው ደንብ ለእርሱ አይበቃም። ለእርሱ ማንኛውም ሳል፣ ትኵሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ምልክት ነው። ደግነቱ ዛሬ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የአክታውን ውጤት በሰዓታት ውስጥ ይሰጣል፤ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መስኮት ጥቂት ቃል እንድንናገር ይፈቀድልን። እኛ ኢትዮጵያውያን ብርድን እንፈራለን። በታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ቢከፍት ከኋላ ሆኖ «ብርድ አስመታኸን» የማይል የለም። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ይወተፋል። በሽተኛውን ከነፋስ እንጠብቃለን ስንል እርሱ ያስወጣውን አየር ደጋግመን እንዲተነፍሰው፣ ልጆቹም አብረው እንዲተነፍሱት እናደርጋለን። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ብርዱ ከባድ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ቀን ቀን መስኮቱን መክፈት፣ በጋ ሲሆን ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ማውጣት፣ ከሰል በዝግ ቤት ውስጥ አለማጨስ፣ ሲያስሉ አፍን በነጠላ ወይም በክንድ መሸፈን ምንም ወጪ የሌለባቸው ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ጠላት በውሃና በእጅ የሚገባው ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አተት የተባለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ በተነሣ ጊዜ ሁላችንም ጥሬ ሰላጣ ስንሸሽና እጃችንን ስንታጠብ ከርመን ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሳሙናው ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ጠፋ። ኤች.አይ.ቪ. ባለበት ቤት ግን ትንንሹ ወረርሽኝ በየክረምቱ ይመጣል። ጉድጓዱ በዝናብ ይሞላል፤ ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ይጠራቀማል፤ በጀሪካኑ ውስጥም እጅና ጣሳ ይገባበታል። ሕፃናቱም በዚሁ ይጎዳሉ። እናታቸው ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባት እነርሱ ከቫይረሱ ነፃ ሆነው የተወለዱ ሕፃናት እንኳ ከሌሎች ሕፃናት ይልቅ በሳንባ ምችና በመሳሰሉት በሽታዎች አብዝተው እንደሚታመሙ በልዩ ልዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህም በ2004 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን የገባው የሳንባ ምች ክትባትና ከ2 ዓመት በኋላ የተከተለው የሮታ ቫይረስ ክትባት ለእነዚህ ልጆች አንድ ቀን እንኳ መዘግየት የሌለባቸው ናቸው።

አንድ ሰው ቢጠበቅ ቤቱ ሁሉ እንደሚጠበቅ የሚያስረዳ ጥሩ ምሳሌ ከኡጋንዳ እናምጣ። በምሥራቅ ኡጋንዳ በቶሮሮ ገጠር ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው ሰዎች ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ርካሽ ኪኒን በየቀኑ እንዲወስዱ ተደርጎ ውጤቱ ተጠንቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 እንደ ተገለጸው በወሳጆቹ መካከል የሞት መጠን በ46 በመቶ ቀነሰ። የሚያስደንቀው ግን በሚቀጥለው ዓመት የተገለጸው ነው። ኪኒኑን ፈጽሞ ባልወሰዱት፣ ቫይረሱም በሌለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች በሆኑ የቤተሰቡ ልጆች መካከል ሞት በ63 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። እናት ካልታመመች ልጅ ይበላል፤ ይታጠባል፤ ሲያተኵሰው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ያገኛል፤ በቤቱ ውስጥ የሚዘዋወረው ጀርምም ያንሳል። በዚያው በቶሮሮ አፉ ጠባብ የሆነ የውሃ ዕቃና ክሎሪን የተሰጣቸው ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው ሰዎች የተቅማጥ ሕመማቸው በ25 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ቶሮሮ ገጠር ነው፤ የኛ ግቢ ከተማ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ጠባብ በሆነው ቤት የጤናም የሕመምም መለኪያ ቤተሰቡ እንጂ ግለሰቡ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ የታወቀ ከሆነ ታዲያ ለምን አይሠራም? እንደሚመስለን ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ ሳይሆን ምስጢር ነው። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የምትኖርና መድኃኒቱን የምትወስድ አንዲት እናትን እናስብ። ጠርሙሱ ሲነቃነቅ ድምፁ በግድግዳው አልፎ እንዳይሰማ ኪኒኑን በላስቲክ ቋጥራ ከዱቄት ዕቃ ሥር ታስቀምጣለች። መድኃኒቱን የምትቀበለው ከሰፈሯ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሁለት ታክሲ ተሳፍራ ከሌላ ክፍለ ከተማ ነው። የጎረቤቷ ልጅ ለወር ያህል ሲያስል ትሰማለች፤ ለእርስዋ አደገኛ መሆኑንም ታውቃለች። ነገር ግን «ልጅሽን አስመርምሪው» ብትል «አንቺን ምን አስጨነቀሽ?» ትባላለች ብላ ትፈራለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሩን ስታንኳኳም የለሁም ታስብላለች፤ ሠራተኛዋ የምትገባበት ቤት በግቢው ዓይን ይታያልና። እንዲህ ሆኖ አየሩን አብረው የሚተነፍሱ ሰዎች ስለ አየሩ መነጋገር ተሳናቸው። ግድግዳው ሳሉን ያሳልፋል፤ ቃሉን ግን ያስቀራል።

አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያው የታመመው ቤት ተለይቶ ይታወቅና ርዳታው ለእርሱ ይሰጥ» ይላሉ። አሳባቸው ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። ግን ተለይቶ መታወቁ ራሱ ያቺን እናት ከመድኃኒቷ የሚያርቃት ነገር ነው። እኛ የምናቀርበው አሳብ ተቃራኒው ነው። የሰውዬው ምርመራና መድኃኒት በእርሱና በሐኪሙ መካከል ምስጢር ሆኖ ይቅር። የቤቱና የግቢው መከላከያ ግን ማን ምን እንዳለበት ሳይጠየቅ ለሁሉም ይዳረስ። በአንድ ግቢ የሳንባ ነቀርሳ ሲገኝ ጥያቄው በየበሩ ለሁሉ ይቅረብ፤ የሚያስል፣ የሚያልበው፣ የከሳ ሁሉ አክታው ይመርመር። ከበሽተኛው ጋር ለሚኖሩ ሕፃናትና ሐኪሙ ይገባቸዋል ለሚላቸው ሁሉ የመከላከያው መድኃኒት ይሰጥ። ዛሬ ይህ መከላከያ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠቅላላው ለ12 ሳምንታት ብቻ የሚወሰድበት ዐይነት መጥቷልና አስቸጋሪነቱ ቀሏል። ውሃ አጋርን የመሰለው የውሃ ማከሚያም ክረምት ሳይገባ ለግቢው ሁሉ ይታደል። እንዲህ ከሆነ ያቺ እናት ከሁሉም መካከል አንዷ ሆና ትጠበቃለች፤ ማንም ጣቱን አይቀስርባትም።

«ሰፈሩ ሁሉ ፈርሶ መልካም ቤት ቢሠራ ይህ ሁሉ ጣጣ ያልፍ ነበር» የሚልም ይኖራል። በርግጥ አየርና ብርሃን ያለው ቤት ከመድኃኒት የማይተናነስ ነገር ነው። ነገር ግን ሳንባ ነቀርሳ ቤት እስኪሠራ አይጠብቅም። ደግሞም መዛወር የራሱ አደጋ አለው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከመሐል ከተማ ተነሥተው ወደ ዳር የሄዱ ሰፈሮች ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለው ጊዜ ከዕቃው ጋር የሕክምና መዝገቡም በጊዜው መዛወር አለበት። የስድስት ወር የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመካከሉ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል፤ አዲሱም ቤት ከአሮጌው ያልተሻለ ይሆናል።

የሰው ኃይሉም ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ፣ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው በኤች.አይ.ቪ. ሥራ ላይ የነበሩ 5000 ያህል የጤና ሠራተኞች ሥራቸው ተቋርጦ ነበር። ከዚህ የምንማረው ትምህርት አለ። የሌላ ሰው ኪስ ሲዘጋ የሚቆም መከላከያ የኛ መከላከያ አይደለም። መስኮት መክፈት፣ እጅ መታጠብ፣ የግቢውን መጸዳጃ በተራ ማጽዳት፣ የሚያስለውን ጎረቤት በፍቅር ይዞ ጤና ጣቢያ ማድረስ የማንንም በጀት አይጠይቁም። በ1990ዎቹ ቀብር ማስፈጸም ብቻ ይበቃናል ሳይሉ ወደ ማስታመም የተሻገሩ ዕድሮች በከተማችን ነበሩ። ዕድር ከድንኳንና ከወንበር ሌላ ሳሙናና ክሎሪን ቢገዛ፣ በወር ስብሰባውም ስለ ሳል አምስት ደቂቃ ቢነጋገር የአባቶቹን ዓላማ አልሳተም፤ ቀብሩን አስቀረ እንጂ።

እንዲህ ያለው የጋራ ሥራ ለከተማችን አዲስ አይደለም። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አዲስ አበባን በመታት ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል። በሽታው ጎጆና ቤተ መንግሥት አልለየም፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ድነዋል። የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ደጃችንን እንጠርጋለን፤ ጥራጊውንም እናቃጥላለን። ጭሱ ለሳንባ የማይበጅ መሆኑን ዛሬ ስለምናውቅ ጭሱን ብንተወው ይሻላል። መጥረጉ ግን ታላቅ ጥበብ አለበት። በዚያ ቀን ማንም ጎረቤቱን «የታመመው በአንተ ቤት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል፤ ሁሉም ይጠርጋል።

ስለዚህ በያላችሁበት ግቢ የምትገኙ አንባቢዎቻችን የኅዳርን 12 ልማድ ወደ ወር፣ የወሩንም ወደ ሳምንት እንድታመጡት እናሳስባለን። የጤና ጣቢያዎችና የወረዳ ሹማምንትም የሳንባ ነቀርሳ በተገኘበት ግቢ ሁሉ በየበሩ ሳያዳሉ እንዲደርሱ እንጠይቃለን። የሚያስል ጎረቤት ካለ እንከሰዋለን ሳንል አብረን እንሂድለት። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት በቤታችን ያለችው ያች ትንሽ መስኮት በምን እንደ ተወተፈች እንይ፤ ሲነጋም ጨርቁን እናንሣው።